የኮዬ ፈጬ ቤት የጡረታ ደብተር ሲሆን
ግብሩ የሚነካው ከየት በኩል ነው? ከየትስ ቢቀነስ ይሻላል?

በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ሲመዘገብ የ45 ዓመት ጎልማሳ የነበረ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ51 ሺህ በላይ ቤቶችን በዕጣ ሲያወጣ 59 ዓመት ሞልቶታል። የጡረታ መውጫው 60 ነው። ከቱሉ ዲምቱ አጠገብ፣ በከተማዋ ደቡባዊ ጫፍ የተዘረጋው የኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር ለብዙዎች ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው። ቁልፉና የጡረታ ደብተሩ ሊደርሱ ያሰቡት በአንድ ሰሞን ነበር።

እንደሚታወቀው የ2011ዱ ዕጣ የኮዬ ፈጬን ቤቶች በተመለከተ ከፍተኛ ውዝግብ አስነስቶ፣ ርክክቡ ብዙዎች እንዳሰቡት አልሄደም። የሆነው ሆኖ ቤቶቹ ሰው ገብቶባቸዋል። ገበያውም ቆሟል። በአቅራቢያው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ። የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክም ሩቅ አይደለም። የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚያው ቱሉ ዲምቱ ላይ ነው። ስለዚህ ተከራይ አይጠፋም። ልጆቹ ዘንድ ተጠግቶ ቤቱን የሚያከራይ ጡረተኛ፣ ወይም ለእርጅናው ብሎ አንድ ስቱዲዮ የገዛ ነጋዴ በዚህ ሰፈር እንግዳ ነገር አይደለም።

ደላላው ዘንድ የሚቀርበው ጥያቄ ታዲያ «ስንት ይከራያል?» የሚል ብቻ ነው። «ግብሩ ሲወጣ ስንት ይቀራል?» ብሎ የሚጀምር ጥቂት ነው። ለእርጅና የተቀመጠ ገንዘብ ግን ዋጋው የሚታወቀው በሁለተኛው ጥያቄ ነው። ቤት፣ የባንክ ቁጠባና አክሲዮን እኩል አይታረሱም፤ እኩልም አይገበሩም።

አበሉ ነፃ ነው፤ መዋጮው ግን አይደለም

ከራሱ ከጡረታው እንነሣ። በኢትዮጵያ ሕግ የጡረታ አበል የገቢ ግብር አይከፈልበትም። የመንግሥት ሠራተኞችንም ሆነ የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከቱት የጡረታ አዋጆች ይህን ነፃነት ሰጥተዋል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም ይህንኑ ተቀብሏል። ስለዚህ «የጡረታ ግብር ይቀነስልን» የሚለው ጥያቄ በውጭ አገር እንደሚሰማው ዓይነት አይደለም። ከአበሉ ላይ የሚቀነስ ግብር የለም።

ችግሩ ያለው ከፊትና ከኋላ ነው። የፊቱ ይኸው ነው፦ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። በተለመደው የደመወዝ ስሌት ግብሩ የሚታሰበው በጠቅላላ ደመወዙ ላይ ሲሆን፣ የሠራተኛው 7 በመቶ መዋጮ ቀድሞ አይነሣለትም። ወሩን 12,000 ብር የሚከፈለውን ሰው እንውሰድ። መዋጮው 840 ብር ነው። ይህ 840 ብር እጁ ባይገባም ግብር ተከፍሎበታል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የደመወዝ ሠንጠረዥ መሠረት ይህ ሰው የሚደርስበት የመጨረሻ እርከን 30 በመቶ ነው። መዋጮው ከግብር በፊት ቢነሣለት ኖሮ በወር 252 ብር፣ በዓመት 3,024 ብር ይተርፈው ነበር ማለት ነው። ለአንድ ዓመት ሲታይ ትንሽ ነው። በ30 ዓመት የሥራ ዘመን ሲባዛ ግን ትንሽ አይባልም።

በአንጻሩ አሠሪው በሠራተኛው ስም ለጡረታ፣ ለፕሮቪደንት ፈንድ ወይም ለመሰል ጥቅም የሚያዋጣው እስከ ወር ደመወዙ 15 በመቶ ድረስ በ2008ቱ አዋጅ ከግብር ነፃ ተደርጓል። ሕጉ ለአሠሪው መዋጮ የከፈተውን በር ለሠራተኛው መዋጮ አልከፈተም።

የኋላው ችግር የአበሉ ቀመር ነው። በሲቪል ጡረታ ቀመር 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 35 ዓመት ያገለገለው ባለ 12,000 ብር ደመወዝተኛ 61.25 በመቶ ደርሶት 7,350 ብር ይዞ ይወጣል። ጣሪያውን ለመንካት 42 ዓመት ማገልገል ይኖርበታል። ከዚያ በኋላ የዘይትና የጤፍ ዋጋ በሄደበት ሁሉ አበሉ ተከትሎ አይሄድም። ጡረተኛውን ወደ ኮዬ ፈጬ ኪራይ፣ ወደ ባንክ ወለድና ወደ አክሲዮን ትርፍ የሚገፋው ይኸው ክፍተት ነው። ግብሩም የሚጠብቀው እዚያው በር ላይ ነው።

የኪራዩ ሒሳብ

የቤት ኪራይ በገቢ ግብር ሕጉ ሠንጠረዥ «ለ» ሥር የሚወድቅ ሲሆን፣ ግለሰብ አከራይ እንደ ደመወዝተኛ በእርከን ይገብራል። በዚህ በኩል የግብር ቅነሳ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

በወር 10,000 ብር፣ በዓመት 120,000 ብር የሚከራይ ቤት ለምሳሌ ይሁን። በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 286/1994 የሒሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ለጥገናና ለእርጅና የሚነሣለት ከኪራዩ አንድ አምስተኛ ብቻ ነበር። ስለዚህ 96,000 ብሩ ግብር ይታሰብበታል። በዚያ አዋጅ ነፃ የነበረው የመጀመሪያው 1,800 ብር ሲሆን፣ ከ60,000 ብር በላይ ያለው በ35 በመቶ ይቆረጥ ነበር። ሲደመር 25,650 ብር ይሆናል። ከሁለት ወር ተኩል ኪራይ በላይ ማለት ነው።

በ2008ቱ አዋጅ ደግሞ መዝገብ ለማይዘው አከራይ የሚነሣለት ወደ 50 በመቶ ከፍ አለ። በዓመት ነፃ የሆነው ገንዘብም ወደ 7,200 ብር አደገ። በዚሁ ቤት ላይ ግብር የሚታሰብበት 60,000 ብር ሆነ፤ ግብሩም 8,370 ብር። ከ25,650 ብር ወደ 8,370 ብር! ይህ ከአንድ ወር ኪራይ ያነሰ ነው። ከጠቅላላ ኪራዩም 7 በመቶ ብቻ ነው።

ልብ መባል ያለበት ግን የብር ዋጋ በመካከሉ መውደቁ ነው። በ1994 ዓ.ም. 10,000 ብር የሚከራይ ቤት የቪላ ቤት ነበር። በእርከን የሚታሰብ ግብር ሁልጊዜ ይህ ጠባይ አለው፦ ሠንጠረዡ ካልተከለሰ የዋጋ ንረት ራሱ ግብር ይጨምራል፣ ምክር ቤትም አይጠየቅም። በ1994 ዓ.ም. ከግብር ነፃ የነበረው ደመወዝ 150 ብር ነበር። በ2008 ዓ.ም. 600 ብር፣ በ2017 ዓ.ም. 2,000 ብር ሆነ። በሦስቱ መካከል ያለፉት 14 እና 9 ዓመታት ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ደመወዝተኛውም አከራዩም ከእርከን ወደ እርከን ሲሸጋገሩ የኖሩት ሀብታም ስለሆኑ አልነበረም።

ለደመወዝተኛው የ2017ቱ ማሻሻያ እፎይታ ሰጥቷል። ወሩን 14,000 ብር የሚከፈለው ሰው በ2008ቱ ሠንጠረዥ 3,400 ብር ይገብር ነበር፤ በአዲሱ 2,850 ብር ነው። የ550 ብር ልዩነት አለው። በኪራይ በኩል የሚሠራ ሁሉ ግን የድሮውን ስሌት በቃሉ ይዞ ከመዋዋል የማሻሻያውን ግልባጭ ገልጦ እርከኑንና የሚነሣውን መጠን ማየት ይኖርበታል። በድሮ ሠንጠረዥ የተሠራ የትርፍ ስሌት ባለቤቱን የሚያሳፍረው የግብር ጊዜ ሲደርስ ነው።

ውሉ ወረዳ ሲገባ

የኪራይ ግብር በወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ኖሯል። በተግባር ግን ብዙው ኪራይ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየ በመሆኑ ግብሩ በግምት፣ አለዚያም ጭራሹኑ ሳይከፈል ያልፍ ነበር። ይህን የለወጠው በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በአዋጁ መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መጠን ብቻ ነው።

አዋጁ የወጣው ተከራይን ለመጠበቅ ነው። የግብር ሰብሳቢው ግን ከዚህ በኋላ ግምት አያስፈልገውም፤ ውሉ ወረዳው መዝገብ ላይ፣ ክፍያው ባንክ ላይ ተቀምጦለታል። በኮዬ ፈጬ ላለ ጡረተኛ አከራይ ትርጉሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀድሞ በአፍ ሲነገር የነበረው ኪራይ አሁን ሙሉ በሙሉ ለግብር ይታያል። ሁለተኛ፣ ግብሩ ሲጨምር ወደ ተከራዩ እንደ ልቡ ማስተላለፍ አይችልም። የግብር ጫናው እሱ ላይ ይቀራል ማለት ነው።

በዚህ ላይ የጣሪያና ግድግዳ ግብር አለ። አዲስ አበባ በ2015 ዓ.ም. ከፍ አድርጋዋለች። የንብረት ታክስ አዋጅም በጥር 2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል። ኪራይ ቢገኝም ባይገኝም ቤቱ ስላለ ብቻ የሚከፈል ግብር፣ ገቢው ትንሽ ንብረቱ ግን በዋጋ ላደገ ሽማግሌ ከሁሉ የከበደ ነው። ቤቱ ሚሊዮኖች ያወጣል ይባልለታል፤ ኪሱ ግን የሚያውቀው አበሉን ነው።

ባንክ ያለው ገንዘብ

«ቤቱ ጣጣው በዝቷል፤ ሽጬ ባንክ ላስቀምጠው» የሚል ሰው ቢኖር ሒሳቡን አስቀድሞ መሥራት ይበጀዋል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳደገ። በ2008ቱ አዋጅ ከቁጠባ ወለድ 5 በመቶ ግብር ባንኩ ራሱ ቀንሶ ያስቀራል። 100,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 7,000 ብር ወለድ ያገኛል። ከዚህ ላይ 350 ብር ግብር ወጥቶ 6,650 ብር ይቀረዋል።

ግብሩ ትንሽ ነው፤ የታከሰው ነገር ግን ትርፍ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በ30 በመቶ እንኳ ብናሰላው የዚያ ሰው 106,650 ብር በዓመቱ መጨረሻ የሚገዛለት በዓመቱ መጀመሪያ 82,000 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። 18,000 ብር ግድም ከስሮ 350 ብር ግብር ከፍሏል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ ከ100 ብር በላይ ሲሄድ ያየ ቆጣቢ ይህን ለማስረዳት ባለሙያ አያስፈልገውም። በወለድ ላይ ያለው ግብር ተነካም አልተነካ፣ ወለዱ ከዋጋ ንረት በታች እስከሆነ ድረስ የሚቆረጠው ከዋናው ገንዘብ ነው።

አክሲዮን ወይስ ጡብ?

ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ የግል ባንኮችና ኢንሹራንሶች ሲቋቋሙ አክሲዮን ለመካከለኛው ነዋሪ አንድ አማራጭ ሆኖ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ገበያው ሕጋዊ ቤት አግኝቷል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ከወጣ በኋላ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ባንክ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮኖችን በነፍስ ወከፍ 300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። አንድ የጡረታ አበል ግድም የሚገዛው አክሲዮን ለኢትዮጵያውያን ገበያ ላይ ሲቀርብ እንዲህ ባለ ስፋት የመጀመሪያው ነው። ሆኖም የተሸጡት ከ10 ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጡት ናቸው።

ገዢው ለምን አልጎረፈም? ምክንያቱ ብዙ ነው። ከእነዚህ አንዱ ግን የግብር ሕጉ ለሃያ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ምክር ነው። በ1994ቱም ሆነ በ2008ቱ አዋጅ አክሲዮን ሸጦ ያተረፈ ሰው በትርፉ ላይ 30 በመቶ ይገብራል፤ ሕንፃ ሸጦ ያተረፈው 15 በመቶ። በ100,000 ብር ገዝቶ በ180,000 ብር የሸጠ ሰው 80,000 ብር ያተርፋል። ንብረቱ አክሲዮን ከሆነ 24,000 ብር፣ ሕንፃ ከሆነ 12,000 ብር ይከፍላል። ይባስ ብሎ በ1994ቱ አዋጅ ከመሸጡ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ መኖሪያ ሆኖ የቆየ ቤት ሲሸጥ ጭራሹኑ ነፃ ነበር።

የትርፍ ድርሻውም እንዲሁ ነው። አክሲዮን ማኅበር ካተረፈው 100 ብር 30 ብሩን ለትርፍ ግብር ይከፍላል። የቀረው 70 ብር ለባለ አክሲዮኖች ሲከፋፈል በ2008ቱ አዋጅ 10 በመቶ፣ ማለትም 7 ብር ይቆረጣል። ለጡረተኛው 63 ብር ይደርሰዋል። ከመቶው 37 ብር ሄደ ማለት ነው። ከላይ የታየው የኮዬ ፈጬ አከራይ በዚያው አዋጅ የከፈለው ከመቶ ብር ኪራይ 7 ብር ነው። እርግጥ አከራዩ ቧንቧና ቀለም ከኪሱ ያወጣል፤ ሁለቱ ገቢዎች ሙሉ በሙሉ አይመሳሰሉም። ያም ሆኖ ልዩነቱ አምስት እጥፍ ሲሆን ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ መገመት አያዳግትም። ፋብሪካ ሊሠራ የሚችል ቁጠባ ጡብና ሲሚንቶ ሆኖ ይቆማል። ጥሪቱን ቤት ላይ ያፈሰሰ ሰው ታዲያ ባለማወቁ አልነበረም፤ ሒሳብ አውቆ ነው።

ይህ ስሌት የቀድሞዎቹን አዋጆች የተከተለ ነው። የ2017ቱ ማሻሻያ በርካታ አንቀጾችን ስለነካ፣ ዛሬ አክሲዮን የሚሸጥም ሆነ የሚገዛ ሰው ደላላው ከሚነግረው ይልቅ የተሻሻለውን ሠንጠረዥ ይዞ ቢደራደር ይሻላል።

ጎረቤት ምን አደረገ?

ኬንያ ቅርብ ናት፤ የናይሮቢ አክሲዮን ገበያም ካረጀ ቆይቷል። እዚያ ከንብረት ሽያጭ ትርፍ የሚከፈለው ግብር እ.ኤ.አ. በ2023 ከ5 ወደ 15 በመቶ ሲያድግ፣ በገበያው የተመዘገቡ አክሲዮኖች ሽያጭ ከዚህ ግብር ነፃ ሆኖ ነበር የቀጠለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ሥራ ላይ በዋለው የግብር ማሻሻያ ደግሞ ለጡረታ የሚዋጣና ከግብር በፊት የሚነሣው ገንዘብ በወር ከ20,000 ወደ 30,000 ሽልንግ ከፍ ተደረገ። ኬንያ ግብር ጠልታ አይደለም፤ እንዲያውም የግብር ጭማሪ ሕዝቧን አደባባይ ያወጣ አገር ናት። ነገር ግን ለእርጅና የሚቀመጠውንና በገበያው የሚገለባበጠውን ገንዘብ ከሌላው ለይታ ይዛዋለች።

በእንግሊዝ አንድ ሰው በዓመት እስከ 20,000 ፓውንድ በልዩ የቁጠባ ሒሳብ ቢያስቀምጥ ወለዱም ሆነ የአክሲዮን ትርፉ ግብር አይነካውም። በአሜሪካ ሠራተኛው በአሠሪው በኩል ለጡረታ የሚያስቀምጠው ገንዘብ ግብሩ እስኪወጣ ድረስ ይዘገይለታል። እዚያ ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህን አሠራር በየደመወዝ ወረቀታቸው ያውቁታል።

ለእነዚሁ ለውጭ ነዋሪዎች አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። አሜሪካ ዜጋዋ የትም ቢያገኝ ገቢውን ትቆጥራለች። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው ኮዬ ፈጬ ያለ ቤት ኪራይ ቢያገኝ እዚያም ማሳወቅ አለበት። በሁለቱ አገሮች መካከል የገቢ ግብር ተደራቢነትን የሚያስቀር ስምምነት የለም። ከድርብ ግብር የሚያድነው እዚህ የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ በአሜሪካ ሕግ ማቀናነስ ነው። ከእንግሊዝ ጋር ግን እንዲህ ያለ ስምምነት አለ። ስለዚህ «ቤቱ በእናቴ ስም ነው፤ ደረሰኝ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው ራሱን ይጎዳል።

የመንግሥት ካዝና ምን ይላል?

በሌላ በኩል የመንግሥትም ሒሳብ አለ። ኢትዮጵያ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርቷ በታክስ የምትሰበስበው ከ10 በመቶ በታች ነው። ይህ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ሁሉ ከዝቅተኞቹ ይመደባል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከዓለም ገንዘብ ድርጅት ጋር የተደረሰው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ዋና ምሰሶ የአገር ውስጥ ገቢን ማሳደግ ነው። በዚህ ወቅት «ግብር ይቀነስ» ብሎ በጅምላ መጮህ ሰሚ አያገኝም። ኮዬ ፈጬ ራሱ መንገድ፣ ውኃና ትምህርት ቤት የሚጠይቅ መንደር ነው። እነዚህ የሚሠሩት በግብር ነው።

ሌላም ተገቢ መከራከሪያ አለ። የኪራይና የአክሲዮን ግብር ሲቀነስ ከሁሉ በፊት የሚጠቀመው አንድ ስቱዲዮ ያለው ጡረተኛ ሳይሆን አሥር ቤት ያለው ባለሀብት ነው። ይህ እውነት ነው። ስለሆነም ቅነሳው መጠን ሊኖረው ይገባል። ጣሪያ የሌለው ቅነሳ ለድሃ ሽማግሌ ተብሎ ለሀብታም የሚሰጥ ስጦታ ይሆናል።

የት ቢቀነስ?

ከላይ ከታየው ሒሳብ በመነሣት ካዝናን ብዙ ሳይጎዱ ጡረተኛን የሚረዱ አራት ቦታዎች ይታያሉ።

የመጀመሪያው የሠራተኛው 7 በመቶ መዋጮ ነው። አበሉ ሲወጣ ነፃ እንዲሆን የተፈለገው ለእርጅና ስለሆነ፣ ሲገባም ከግብር በፊት ቢነሣ ምክንያቱ ያው ነው። ይህ ካልተቻለ ደግሞ ከግዴታው መዋጮ በላይ በፈቃዱ ለሚቆጥብ ሠራተኛ የተወሰነ መጠን ቢፈቀድለት፣ ገንዘቡ ለካፒታል ገበያውም የረዥም ጊዜ ስንቅ ይሆናል። የጡረታ ፈንዱ ራሱ ለዓመታት በግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ተኝቶ እንደኖረ የሚዘነጋ የለም።

ሁለተኛው ለአንድ ቤት ባለቤት ጡረተኛ የሚሰጥ ተጨማሪ ነፃ መጠን ነው። ከደመወዝ ገቢ የሌለው፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆነና አንድ ቤት ብቻ የሚያከራይ ሰው ውሉ ወረዳ የተመዘገበ እስከሆነ ድረስ በዓመት የተወሰነ ኪራይ ቢለቀቅለት፣ መንግሥት የሚያጣው ትንሽ ነው። የሚያገኘው ግን የተመዘገበ ውል ነው። የተደበቀ ኪራይ ወደ ብርሃን የሚወጣው በቅጣት ብቻ አይደለም። ከትንሿ ኪራይ ብዙ እሰበስባለሁ ብሎ ውሉን መልሶ ወደ ጨለማ መንዳት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ይሆናል።

ሦስተኛው የቁጠባ ወለድ ነው። ወለዱ ከዋጋ ንረት በታች በሆነበት ዓመት የአነስተኛ ቆጣቢ ወለድ ግብር ባይቆረጥበት ፍትሐዊ ነው። የሌለ ትርፍ ግብር ሊከፈልበት አይገባም።

አራተኛው በቤትና በአክሲዮን መካከል ያለው ሚዛን ነው። በሕጋዊው ገበያ የተመዘገበ አክሲዮን ከቤት የበለጠ የሚገበርበት ምክንያት የለም። ኬንያ ነፃ ካደረገችው፣ ኢትዮጵያ ቢያንስ ከጡብ ጋር እኩል ልታደርገውና በዚያው ልትጠብቀው ይገባል። ከዚያ ወዲያ ገንዘቡ ኮዬ ፈጬ ይሂድ ወይም ፋብሪካ፣ የሚወስነው ትርፉ ይሆናል።

ለባለ ቤትና ለደላላ

ሕጉ እስኪሻሻል ድረስ ገበያው አይጠብቅም። በዚህ ወቅት ኮዬ ፈጬ ላይ የሚገዛ፣ የሚሸጥ ወይም የሚያከራይ ሰው ሊዘነጋቸው የማይገቡ ነጥቦች አሉ።

ገዢ በመጀመሪያ የቤቱ የይዞታ ማስረጃ በየትኛው አስተዳደር እንደተሰጠ ይመልከት። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የወሰን ስምምነት ተደርሷል። የሸገር ከተማም ከዚያ ወዲህ ተመሥርታለች። የኪራይም ሆነ የንብረት ግብር የሚከፈለው ለየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ከማስረጃው ላይ ሳያረጋግጡ ገንዘብ መቁጠር ሁለት ጊዜ ለመክፈል መዘጋጀት ነው።

ቀጥሎ በዕጣ የተገኘ የ20/80 ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ ገደብ እንዳለበት ማስታወስ ያሻል። ገደቡ ሳያልቅ በውክልና የሚደረግ ሽያጭ ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ገዢው ባለቤት ሳይሆን ወራሽና ግብር ሰብሳቢ የሚጣሉበት ሰው ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስም ሲዛወር ደግሞ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ እንዳለ፣ ከዚህም ሌላ የአገልግሎት ክፍያዎች እንደሚኖሩ አስቀድሞ ተነጋግሮ ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ ማስፈር ይገባል።

አከራይ ደግሞ ውሉን በጊዜው ያስመዝግብ። የባንክ ደረሰኙንና የጥገና ወጪውን ይያዝ። መዝገብ የሚይዝ ሰው ትክክለኛ ወጪውን፣ የባንክ ብድር ወለዱን ጭምር ማስረዳት ይችላል። የ80 በመቶውን ብድር ገና በመክፈል ላይ ላለ ባለ ዕድል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዳንዴ መዝገቡ በጅምላ ከሚነሣው የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

ደላላውም ቢሆን ለደንበኛው የወር ኪራዩን ብቻ ሳይሆን ግብሩ፣ የጋራ ሕንፃ መዋጮውና ጥገናው ሲወጣ የሚቀረውን ቢነግር ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል። 10,000 ብር የሚከራይ ቤት በዓመት 120,000 ብር ያመጣል ማለት ለጡረተኛ አይበቃውም። እሱ ማወቅ የሚፈልገው በየወሩ አበሉ ላይ ተጨምሮ የሚበላውን ነው።